ቱርኩ ያነሳኝ አንድ ፎቶ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ በየቀበሌው በሚወርድበት ዘመን ነው። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ነገር ግን ሰው ፎቶ ሊያነሳኝ ስልኩን ባወጣ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ቤተሰቦቼ ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም።

ተወልጄ ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። አባቴ ሱቅ ነበረው፤ ዐረብኛ የለመድኩትም ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ከሚመጡ ደንበኞቹ ጋር ስከራከር ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ ኮኪት አጠገብ በነበረ የመንግሥት እርሻ የመጋዘን ሠራተኛ ሆንኩ። አንድ ቀን ጠዋት የእርሻው ካድሬ አስጠራኝና «ጓድ ኢድሪስ፣ የውጭ ሰው መጥቷል፤ ታስተረጉማለህ» አለኝ። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም።

እንግዳው ከማል የሚባል ቱርክ ነበር። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል፤ ሥራው የሠራተኛን ሕይወት ፎቶ ማንሳት ነው። ያደገው በሶርያ ድንበር ባለች ከተማ ሲሆን እናቱ ዐረብ ነበሩ። እሱ በእኔ ዐረብኛ ይስቃል፣ እኔም በእሱ እስቃለሁ፤ ግን ተግባባን። ከአዲስ አበባ የያዘው ፈቃድ ትራክተር እንዲያነሳ ነበር። ትራክተሩን ዞር ብሎም አላየው። በቀጥታ ሰሊጥ አጫጆቹ ዘንድ ሄደ።

አጫጆቹ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ ናቸው። ብዙዎቹ ከኮታ ያመለጡና ስማቸውን የቀየሩ መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ። ካሜራውን ሲያዩ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከማል ምንም አላላቸውም። አብሯቸው ሲያጎነብስ፣ ነዶ ሲያስር፣ ከውሃቸው ሲጠጣ፣ በመሃል ካሜራውን ቀጭ ሲያደርግ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ረሱትና ፊታቸውን ገለጡ። አዳነ የሚባል የጎጃም ሰውማ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ ቆመለት።

ወዲያው የካድሬው መኪና አቧራዋን እያስነሳች ብቅ አለች። አዳነ ደነገጠ። ካሜራውን ከከማል አንገት አውልቆ ሂላ ውስጥ ሸጎጠው። ሂላ የምንለው እንዲደርቅ ተደግፎ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ነው። ማሳው ዳር ካለው ግራር ሲቆጠር ሦስተኛው ሂላ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየሁ።

ካድሬው ከመኪናው እንደወረደ «ካሜራው የት አለ?» አለ። ሰው ጠቁሞት ነው የመጣው። «የፈረጠጡትን ፊልሙ ራሱ ይነግረናል።» ከማል ዝም፣ እኔም ዝም። ማሳውን አስፈትሾ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር። ግን የደረሰ ሂላ ከተነካካ ሰሊጡ ይረግፋል። የመንግሥት ሰሊጥ አረገፈ መባልን ካድሬውም ይፈራል። ስለዚህ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሴ ወሰደና ሁለታችንን በገዛ መጋዘኔ ቆለፈብን።

የኮኪት ሙቀት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። መስኮት የለም። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። አንድ ጄሪካን ውሃ ሰጡን። ላቤ ከሸሚዜ አልፎ የተቀመጥኩበትን ጆንያ አራሰው። በሩን እያየሁ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁና እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ከማል እኔን ለማረጋጋት ይመስለኛል፣ ሕይወቱን ያወራልኝ ጀመር። ልጅ ሳለ በየዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ጥጥ ለቀማ ይሄድ ነበር። እንደ አዳነ ያሉትን ሰዎች የሚወድዳቸው ለዚያ ነው። ጎረምሳ ሲሆን ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የመታወቂያ ፎቶ አነሳ፤ ከዚያ ጋዜጣ ገባ። አንድ ጊዜ አድማ መትተው ሥራ ያቆሙ የፋብሪካ ሠራተኞችን አንስቶ ፎቶው በጋዜጣው የፊት ገጽ ወጣ። በማግስቱ ፖሊስ ያንኑ ገጽ ይዞ፣ የሰዎቹን ፊት በቀይ እስክሪብቶ ከብቦ፣ በየቤቱ ለቀማቸው። አንዱ የጎረቤቱ ልጅ ነበር።

«እናቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም» አለኝ። «ጋዜጣውን ተውኩ። እንዴት መሥራት እንዳለብኝ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

እንዴት ብዬ አልጠየቅኩትም። ሐሳቤ በሩ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው ብቻዬን ወደ ቢሮው አስጠራኝ። አልጮኸብኝም። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳልኝና «ኢድሪስ፣ የእርሻው ኮታ አንድ ሰው ይጎድለዋል። ስምህን ልጻፍ ወይስ ታሳየኛለህ?» አለኝ። ባለቤቴ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። አዳነንም አሰብኩት፤ አልዋሽም፣ አሰብኩት። ከዚያ ውሃውን ጠጣሁና «ከግራሩ ሦስተኛው ሂላ ውስጥ ነው» አልኩ። ማን ደበቀው ሲለኝ «ራሱ ቱርኩ» አልኩት።

ሁለታችንንም ይዞ ማሳው ሄደ። ከማል ስንት ሂላ አልፈን በቀጥታ ወደዚያኛው ስንራመድ አየ። አጫጆቹ ቀና አሉ። አዳነ ማጭዱን ይዞ እኔን፣ እኔን ብቻ ያየኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ካድሬው ካሜራውን አውጥቶ ከፈተው። ውስጡ ፊልም አልነበረም።

«ባዶ ነው! ጠይቀው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ከማል በዝግታ መለሰ፤ እኔም አስተረጎምኩ። «መጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ ባዶውን ነው የምይዘው። ሰዎቹ ይለምዱኛል። በሁለተኛው ቀን የሚፈቅደውን ጠይቄ ፊልም አስገባለሁ። ሁለተኛውን ቀን እናንተ ጋ ታስሬ ዋልኩ።»

ካድሬው በሠራተኛ ፊት መሳቂያ ሆነ። ካሜራውን ወረወረለትና በገላባት በኩል እንዲወጣ አዘዘ። እስከ ድንበሩ እንድሸኘው የታዘዝኩትም እኔው ነኝ። ሱዳንን ከእኛ የሚለየው ወንዝ ጋ ስንደርስ አብሮን የተላከው ሚሊሻ ጥላ ፈልጎ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ባዶ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ባዶ ነው ብልህ ትነግራቸው ነበር፤ እነሱም አምጣው ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ ማን ደበቀው ይላሉ።» ከትምባሆ ቆርቆሮው አንድ ጥቅል ፊልም አወጣና ካሜራው ውስጥ አስገባ። «ኢድሪስ፣ ላንሳህ ትፈቅድልኛለህ?»

በምን አፌ እምቢ ልበል? ቆምኩለት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አደረገ።

«ይኼኛው ፊልም አለው» አለኝና እጄን ጨብጦ ተሻገረ።

አዳነ አልተያዘም፤ አጨዳውን ጨርሶ ሄደ። እኔም አልዘመትኩም፤ ልጃችንም በሰላም ተወለደ። ማንም አልተጎዳም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ዓመት ደከምኩ። ግን ያንን ውሃ ስጠጣ ካሜራው ባዶ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቱርክ አገር አንድ ቤት ውስጥ፣ የዚያን ቀኑ ፊቴ ሳያረጅ ተቀምጧል። ከማል ከሥሩ ምን ብሎ ጽፎበት ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ።