ሚዛን የሆንኩበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሄለን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና በስንት ሰዓት እንደተወለድኩ ጠየቀችኝ። ሰዓቱንና ከተማውን ካስገቡለት፣ ስልኩ የዚያን ቅጽበት ሰማይ ሥሎ ከራስሽ በላይ የቆመው ቋሚ ኮከብ ይሄ ነው፣ ዕጣሽም ይሄ ነው ይላል አሉ። ለእሷ የነገሥታት ኮከብ ደርሷታል። ሒሳብ ፈተና ግን ወድቃለች። ከተማውን ጭሮ ብዬ ነገርኳት፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ግን ዛሬ በሕይወት የለም። የእናትን ስም አይጠይቅም ወይ ብላት ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

በእኛ ጊዜ ኮከብ የሚታየው በስም ነበር። የራስና የእናት ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ ይደመራል፣ በአሥራ ሁለት ይገደፋል። የተረፈው ቁጥር ኮከብን ያሳያል፤ ኮከቡም ወይ እሳት፣ ወይ ውኃ፣ ወይ ነፋስ፣ ወይ መሬት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ተፈራን ላገባ ስለ ሠርጉ ድንኳን ሳይቀር ተነጋግረናል። የተፈራ እናት ግን ኮከባቸው ሳይታይ ልጄን አልድርም ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ለተፈራ ስል ገሃነም ግቢ ብባል የምገባ ዓይነት ነበርኩ።

ሐሙስ ቀን ከሁለቱ እናቶቻችን ጋር፣ ኮከብ የሚቆጥሩ መሪጌታ ዘንድ፣ በአውቶቡስ ወደ አሰቦት ወረድን። ጥቅምት ነው፤ ከጭሮ ብርድ ወጥቶ ቆላው ሲጀምር ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ቀልቷል። እማዬ የቋጠረችውን ዳቦና ሙዝ ለተፈራ እናት ጭምር እያጎረሰች፣ እያሳቀች ወሰደችን። መሪጌታው ስማችንን ተቀበሉ። የእኔ አልማዝ፣ የእማዬ ሙሉ። ተፈራ አሰድ ወጣ፣ እሳት። እኔ ሑት፣ ውኃ። እሳትና ውኃ አንድ ቤት አይገቡም፣ አንዱ አንዱን ይገድላል አሉ። የተፈራ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ተፈራ መሬት መሬቱን አየ። ጨርቄን ጥዬ ማበድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እማዬም ጓዳ ዘግታ ተቀመጠች፤ ተናዳ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ግን የተፈራን እናት ለምና፣ ሁላችንንም ይዛ እንደገና መሪጌታው ደጃፍ ተገኘች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን አላየችኝም።

«መሪጌታ፣ ቁጥሩ የተሳሳተው በእኔ ነው» አለች። «እኔ አሳዳጊዋ ነኝ። የወለደቻት የአባቷ የመጀመሪያ ሚስት፣ ሳራ ናት። በወሊድ ሚኤሶ ላይ ሞተች።»

ክው አልኩ። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከእማዬ በፊት ሚኤሶ ላይ ሚስት ሞታበት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ማን ይጠየቃል? መሪጌታው በሳራ ስም ደግመው ቆጠሩ። ሚዛን ሆንኩ፣ ነፋስ። ነፋስ እሳትን ያበረታል፤ ይጋቡ አሉ። የተፈራ እናት እልል አሉ። ያን እልልታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ተፈራን አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፤ እስኪሞት ሠላሳ ዓመት ኖርን፣ ኮከቡ ይሁን ጠባያችን እግዜር ይወቀው። ከእማዬ ጋር ግን ነገራችን ተበላሸ። ሃያ ዓመት ዋሽታኛለች ብዬ ቂም ያዝኩ። ልጅ ስወልድ ልታርሰኝ መጣች፤ በሳምንቱ ሸኘኋት። በየዓመቱ ሚኤሶ ወርጄ፣ በዚያ ሐሩር፣ የከባድ መኪና አቧራ እየበላሁ የሳራን መቃብር አጸዳ ነበር። ለእማዬ ግን ዓውደ ዓመት ላይ እንኳ ልጅ ልኬ ነበር እንኳን አደረሰሽ የምላት። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

ስትሞት አለቀስኩ፤ ደንቡ ነውና ደረቴን እየመታሁ። የጭሮ ሰው በሞላበት ድንኳን መሀል «አሳዳጊዬ! አሳዳጊዬ!» እያልኩ ነበር። እውነተኛ መሆኔ ነው እንግዲህ! በሣልስቱ አክስቴ እታፈራሁ፣ የእማዬ ታናሽ፣ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ማሎ ልጄ፣ በቃሽ፤ እናቴ በያት» አለችኝ። «በእነዚህ እጆቼ ከሆዷ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ሳራ ልጅ ወልዳ አታውቅም።»

ነገሩ አልገባኝም ነበር። እሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሴቶች ልጆቻቸው የፊደሉን ቁጥር እየሰሙ ነው ያደጉት። ያን ሁለት ቀን እማዬ ጓዳ ዘግታ ሽምብራ ዘርግታ ስትቆጥር ነበር። ዘመድ የሆኑ የሞቱ ሴቶችን ስም ሁሉ ከእኔ ስም ጋር ሞከረች። የገጠመላት የሳራ ብቻ ሆነ። እውነቱ ቢወጣ ትዳሬ በማታለል የተገኘ ተብሎ እንዳይፈርስ ፈርታ፣ «እኔ ሳልሞት እንዳትናገሪ» ብላ አክስቴን አስምላታለች።

የሆንኩትን እንዴት ልንገራችሁ? የወለደችኝ እናት፣ አልወለድኳትም ብላ ዳረችኝ። እኔም አመንኳት፤ አምኜም ቀጣኋት፣ እስከ መቃብሯ።

ሄለን የነገሥታት ኮከብ ደረሰኝ ብላ ደስ ብሏታል፤ ይሁንላት። እኔ ኮከብ ውሸት ነው እውነት ነው ብዬ አልከራከርም። በየዓመቱ በሙት ዓመቷ ጸበል ጸዲቅ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ የማን መታሰቢያ ነው ሲሉኝ የእናቴ እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። የሚሰሙኝ ግን ሁለት ካህናትና ጥቂት አሮጊቶች ናቸው። ድንኳኑ ሙሉ የነበረው ያኔ ነው።