ባቡሯ ሥራ ስትፈታ

በጣሊያን ጊዜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የምታመላልስ ትንሽ ባቡር ነበረች። መንገዱ ሲያልቅ እዚያው ጥለዋት ሄዱ። ሣር ዋጣት፤ ፉርጎዎቿ ዝናብ አጠራቅመው ከብት ይጠጣባቸው ጀመር። አንድ ሸምገል ያለ ጣሊያን መካኒክ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ ሲገባው ሐዲዱ ዳር ቆፍሮ ጥቅል ጎመን ተከለ።

እኔ ያኔ ከተዳርሁ ገና ዓመቴ ነበር። የባሌ ቤት ከወንዝ ማዶ በሽንዲ በኩል፣ የእናቴ ቤት ደግሞ ወዲህ በቡሬ በኩል ነው። በበጋ ጠዋት ሄጄ እናቴን ጠይቄ ለምሳ እመለሳለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና እስከ መስቀል እንለያያለን። ወንዶች ከላይ፣ ውሃው በሚዘረጋበት፣ ተያይዘው ይሻገራሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን የማይሞከር ነው።

እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ቀደም ብዬ እንዳልሄድ ባሌ ዱር ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነበርና እርሻውን ከአባቱ ጋር የያዝሁት እኔ ነኝ። ዘሩ ገብቶ ቀና ስል ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ።

አንድ ቀን የባሌ አባት ወንዙ ዳር ቆሜ አገኙኝ።

«ምን ታያለሽ ልጄ?»

«የእናቴን ቤት ጭስ።»

«እስኪጎድል መታገሥ ነው እንግዲህ።»

«እኔስ እታገሣለሁ አባባ፤ ይኸኛው ነው የማይታገሥ» አልሁና ሆዴን ነካሁት።

ሳቁ። ማታ ግን በማግሥቱ ከመካኒኩ ዘንድ ሄደው ሐዲዱን ለድልድይ እንደሚለምኑ ነገሩን። የደብራችን ቄስ ሰምተው መጡ።

«ልጅዎ ዱር ነው፤ አንቱ ጣሊያን ደጅ ሊቆሙ? ቢያስሩዎትስ?»

«ልጄ ዱር ነው፤ የልጄ ልጅ ግን እዚህ ነው» ብለው ሄዱ።

የሆነውን ሲመለሱ አጫወቱን። መካኒኩ ከገበያ የለቀማት ጥቂት አማርኛ ነበረችው።

«ድልድይ ለምን?» አላቸው።

«ለምራቴ። ልትወልድ ነው።»

ከጎመኑ መካከል ተነሣና መፍቻውን አምጥቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። «ሐዲድ ውሰድ። ባቡር አይሄድም።»

«አለቆችህ ቢጠይቁህስ?»

«ዝናብ ወሰደው እላለሁ።»

የሁለቱም ማዶ ሰው ወጣ። ሐዲዱን በትከሻ እያፈራረቁ አምጥተው፣ ወንዙ በሁለት አለት መካከል በሚጠብበት ቦታ አጋደሙት፤ ከፉርጎዎቹ የነቀሉትን ሳንቃ ከላይ ረበረቡበት። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመው ተሻገሩ። እኔ ተከተልሁ። ከሥሬ ደፍራሹ ውሃ ያጓራል፤ የባሌ አባት ከኋላዬ ነጠላዬን ይዘው «ወደ ታች አትይ፤ እናትሽን እይ» ይሉኛል። እናቴ ማዶ ቆማ ነበር። ስደርስ አንገቴን አቅፋ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችኝም።

በፍልሰታ ወንድ ልጅ ተገላገልሁ። ክርስትናው ሲደርስ ወንዙ ገና አልጎደለም፤ የባሌ ወገኖች ግን ጠላቸውን ተሸክመው በዚያው ድልድይ መጡ።

ጣሊያን ሲወጣ መካኒኩም አብሮ ሄደ። ጎመኑን ጎረቤት ተካፈለው፤ አንደኛውን ፉርጎ እናቴ የከብት ገንዳ አደረገችው። ባሌም ከዱር ተመለሰ። ልጁን አዝዬ ወንዙ ድረስ ሄጄ ተቀበልሁት። ሐዲዱን አይቶ ቆመ።

«ይኸን ማን ሠራው?»

«አባትህና አገሩ። ብረቱን አንድ ጣሊያን ፈትቶ ሰጣቸው» አልሁት።

ፊቱ ጠቆረ፤ ብዙ ጓደኞቹን ቀብሮ የመጣ ሰው ነው። ቆይቶ ግን ሳንቃውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ጠንካራ ነው» አለ። ከዚያ ልጁን ከጀርባዬ ተቀብሎኝ ቀድሞኝ ተሻገረ።