ተቀባይ ያጣ ምርቃት

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ሰሌዳው ላይ ካርታ ስስል ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ከሳምንት በፊት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ ሌላ ጥፋት አላስታውስም። መኪና ውስጥ እጄን ሳየው ጠመኔው እንደነጣበት ነው። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ፣ በብሎኬት ለሁለት የተከፈለ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም፣ ዓይን ያቃጥላል። የሚከፍለው ግድግዳ ጣራው ጋ አልደረሰም። ሲሚንቶ አልቆባቸው ይሁን ሰልችቷቸው እንጃ፣ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። በዚህ በኩል እኔ ብቻዬን ነኝ። በዚያ በኩል አንድ ሽማግሌ አሉ። አይቻቸው አላውቅም።

ድምፃቸውን የሰማሁት በመጀመሪያው ጠዋት ነው፤ አነጋገራቸው የአምባሰል ገበሬ ነው። ይመርቃሉ። "ዝናቡን የምሕረት ያድርገው" ይሉና ዝም ይላሉ። "የታሰረን ያስፈታ፣ ያሳሪንም ልብ ያራራ" ይሉና ዝም ይላሉ። እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሲለማመን እንዲህ ነው፤ አንዱ ይመርቃል፣ የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ምርቃት ያለ ተቀባይ አይሆንም። ሽማግሌው ዝም የሚሉት የእኔን አሚን እየጠበቁ ነበር።

እኔ ደግሞ የጸሎት ሰው አልነበርኩም። አባቴ የሐይቅ እስላም፣ እናቴ የአምባሰል ክርስቲያን ናት። ለድግስ ሲሆን የሁለቱም ነበርኩ፤ ከሁለቱም ሥጋ እበላለሁ። ለጸሎት ሲሆን ግን የአባቴ ወገን የእናቱ ነው፣ የእናቴ ወገን የአባቱ ነው እያለ ተወኝ። እኔም ተመችቶኝ ኖርኩ።

ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሽማግሌውን ለዕድሜያቸው ሲል ትቷቸዋል። እኔን ግን በሩን ከፍቶ፣ ከመለስክላቸው ፀሐይ የለህም አለኝ። ፀሐይ ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ግቢው ውስጥ መቆም ነው። ከአጥሩ በላይ የአምባሰል ተራራ ጫፍ ይታያል። በቀን ውስጥ የነበረኝ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ጠዋት አፈርኩ፣ ዘጠኝ ጠዋት ዝም አልኩ።

በአሥረኛው ጠዋት እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ "ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው፣ ስሙን አላውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ለቤቱ አብቃው።" ዝም አሉ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ለራሳቸው አንድ ነገር ለምነው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ።

"አሚን" አልኩ። የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

"ሰው አለሳ" አሉ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው። "ወገንህ ወዴት ነው፣ ልጄ?"

"አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አባባ።"

"አንተስ?"

"እንጃ።"

"አብሽር። እንግዲያ ይችን ያዝ። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው መርቅ። ለራስህ አትለምን። አንድም ቀን እንዳታሳልፍ።"

ከዚህ በላይ አላስተማሩኝም። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ማን እንደመለሰ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት። ፀሐዬ በዚያው ቀረች።

አምስት ጠዋት ተቀበልኳቸው። በስድስተኛው ጠዋት ድምፅ የለም። ወዴት እንደወሰዷቸው ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። ጎረቤት ሳለኝ ዝም ብዬ የከረምኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን ግድግዳውን በእጄ እየነካሁ ዋልኩ። እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌውን መረቅኩ፣ ዝም አልኩ። ተማሪዎቼን መረቅኩ፣ ዝም አልኩ። የሚመልስ የለም። ከበሩ ውጭ ጠባቂው ሲያስል ሰማሁና ሳሉን ያቅልለት አልኩ። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ሄደዋል፣ ለማን ነው የምትለፈልፈው አለኝ። ይህን ነገር ከተውኩ ነገ ፀሐይ እንደሚያወጣኝም ነገረኝ። ያን የተራራ ጫፍ እንዴት እንደተመኘሁት።

በነጋታው ቁርስ ይዞ ሲገባ እጄን ዘርግቼ ጀምሬ ነበር። ድምፄን አልቀነስኩም። ዳቦውን እንደያዘ እስክጨርስ ቆመ። አሚን አላለም፣ ፀሐይም አልሰጠኝም። እስክፈታ ድረስ ተራራውን አላየሁትም፤ አንድም ጠዋት ግን አላሳለፍኩም።

አሁን ሐይቅ ተመልሼ አስተምራለሁ። ባለቤቴ እኔ ታስሬ ሳለ ለሥራ አረብ አገር ሄዳ እዚያው ናት፤ ቤቱ ጭር ያለ ነው። ሽማግሌውን ፍለጋ አምባሰል በገበያ ቀን ወጥቼ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኩ፣ መልካቸውን አላየሁ፤ ሰው በድምፅ ይፈለጋል ወይ ብለው ገበያተኞቹ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው።

ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እወርድና እጄን እዘረጋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሽማግሌው ነው፦ ስማቸውን አላውቀውም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ፤ ለቤታቸው አብቃቸው። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ጠዋት እንዴት እንደጠበቁኝ ስለማውቅ ቶሎ አልነሳም። የሚመልስ ሲጠፋ፣ አሚን የምለው እኔው ነኝ።