የእህቴ ጭረት ያለበት ዜማ

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር በተደረገ ዝግጅት አንድ ሌባ «አንጋፋ የዜማ ደራሲ» ተብሎ ካባ ሲደረብለት አየሁ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥሁ።

ሰውዬው በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኃላፊ ነበር። አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲመጣ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ይዞ ነበር። በዘፈን የሚተወን አንድ የፈረንጅ ቴአትር ፊልም ሆኖ ሲሠራ የወጣ፣ የፊልሙ ዘፈኖች ስብስብ ነው።

ይኸው ሰውዬ ቤታችን ገብቶ «የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ነው» ብሎ ወሰደው።

እናቴ «ኧረ ጓድ፣ የሙሽራ ዘፈን ነው» ብትለው «ይሰበራል!» ብሎ ጮኸባት።

ወር ሳይሞላ ቀበሌያችን አዲስ መዝሙር ወጣለት። «ምርት፣ ምርት፣ ምርት ይብዛልን» እያልን በሰልፍ ዘመርነው። ዜማው የሸክላችን ነበር!

ያውም ከነጭረቱ። እህቴ ስትጨፍር የሸክላ ማጫወቻውን ፒክአፕ ገፍታው ሸክላው ተጭሮ ነበር፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው የሚያልፈው። ጀግናው ደራሲ የዘፈኑ አካል መስሎት እሱንም ገልብጦታል።

ዛሬ መድረክ መሪዋ «ያቺ ድግግሞሽ ከየት መጣችልዎት?» ስትለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ከጣና ማዕበል» አላለም?

ከእናንተስ ቤት «ይሰበራል» ተብሎ ተወስዶ በሌላ ሰው ስም የተጨበጨበለት ምን አለ? ጻፉት፣ አትፍሩ።

እኔ ወጥቼ ለእህቴ ደወልሁላት። ሰማችኝና «ታዲያ ካባዬን መቼ መጥቼ ልውሰድ?» አለችኝ።