እታለምና አስራ አንዱ ሹፌሮች

የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። እኔ ግድግዳው ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል የሆስፒታሉን አንሶላና ጋውን እጠግናለሁ። በመካከላችን መስታወት የሌላት ትንሽ መስኮት ስለነበረች ቀና ባልኩ ቁጥር እሷን አያለሁ።

ጠዋት ፀሐይ በመደርደሪያዎቹ መሃል ስትወርድ አቧራው ወርቅማ ይሆናል። እታለም በዚያ ብርሃን ውስጥ ስታልፍ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ስም ብዙ አትጠይቅም። ሰው ገና ኮሪደሩ ላይ ሲያስል ሰምታ ካርዱን ታወጣለች። በመጣ ቁጥር አንድ ነጭ ወረቀት ካርዱ ውስጥ ትጨምርለትና ወደ ሐኪም ትልከዋለች። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካርድ ላይ ደግሞ ቀይ ክር ታስራለች፤ ክሩን ከኔ ነበር የምትወስደው።

አንድ ሰኞ ኮምፒውተሮች በካርቶን መጡ። የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮኗ፣ ሰበሰቡንና፣ “ሁለት ወር ነው ያላችሁ። ያልቻለ ልብስ ማጠቢያ ይገባል” አሉ።

እታለም ሥራ አትፈራም። ግን ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት በቀር የሚያናግር የለም። ቤቷ ደግሞ ብቻዋን ናት። ቀኑን ሙሉ የሚያጫውታት በካርድ መስኮቷ በኩል የሚመጣው ሰው ነው። “የራሴን ድምፅ የምሰማው እዚህ ነው” አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ልታስተምር የተላከችው አሰልጣኝ ልጅ እግር ናት፣ አፏ እንደ ስፌት መኪና የማያርፍ።

“ማውሱን አያንሱት እታለም፣ ጠረጴዛው ላይ ያንሸራቱት።”

“እሺ ልጄ። ጠረጴዛው ሲያልቅብኝስ?”

“ያኔ ያነሱታላ!”

“አሁን አያንሱት አላልሽኝም?”

ምሳ ሰዓት ላይ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ታንቀሳቅሳለች። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት፣ “ፊደሎቹን እየለቀምኩ ነው። ‘ሸ’ ብቻ ጠፍታብኛለች” ትለኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት እጇ ተፍታታ። ሰው ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ወረቀት የምትመስለውን ምልክት ትነካለች፣ ስሙን ትጽፋለች፣ ትልካለች። ስሙ በሽቦው ውስጥ እንደ ውሃ ፈስሶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ብቅ ይላል። ፊቷ በሰማያዊው ብርሃን ሲታይ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ትመስል ነበር። ከሁሉም ፈጣን እሷ ሆነች። አሰልጣኟም ጎበዝ፣ ጎበዝ አለቻት።

አንድ ቀን ጡረተኛው የጭነት መኪና ሹፌር እግሩ አመርቅዞ መጣ። ቁስሉን ለማሳጠብ ከወር በላይ ሲመላለስ ነበር።

“እታለም፣ መንጃ ፈቃድሽን እስካሁን አልሰጡሽም?” አላት ወደ ኮምፒውተሩ እያየ።

“ተፈትኜ እየጠበቅኩ ነው” አለችና አሳለፈችው።

ጥቂት ቆይቶ የሐኪሙ ድምፅ ከፊት ለፊት ክፍል ተሰማ። “እኚህ አባት አዲስ ናቸው፣ የተጻፈ ነገር የላቸውም። ፔኒሲሊን ይወጉ።”

የእታለም ወንበር ወደቀ። ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት “ቀይ ክር! ቀይ ክር!” እያለች ኮሪደሩን ሮጠች፤ አንድ ጫማዋ በሩ ላይ ቀረ። ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

“እሱን ፔኒሲሊን ይገድለዋል፣ ዶክተር! ካርዱ ላይ ክር አለበት!”

ሹፌሩ ሱሪውን ጨብጦ፣ “ኧረ እኔም ረስቼዋለሁ” አለ ቀስ ብሎ።

ኮምፒውተሩ ሲታይ ሹፌሩ አስራ አንድ ሆኖ ተገኘ። አሰልጣኟ ከወረቀት ካርዱ የገለበጠችው የመጀመሪያው ፋይል ላይ የፔኒሲሊኑ ነገር በግልጽ ተጽፏል፤ ሐኪሙ ፊት የወጣው ግን የመጨረሻው ባዶ ፋይል ነበር። እታለም እንደ ዱሮው በመጣ ቁጥር ካርዱ ውስጥ ወረቀት የጨመረችለት መስሏት፣ ያቺን ነጭ ወረቀት እየነካች አዲስ ሰው ስትፈጥር ነበር። እሱን ብቻ አይደለም፣ በመስኮቷ ያለፈውን ሰው ሁሉ።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ አላስተዋልኩም” አለች አሰልጣኟ እንባዋ መጥቶ።

“አይ ልጄ፣ የነካው የኔ እጅ ነው።”

ሜትሮኗ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አይተው ወጡ።

ፋይሎቹን መልሶ አንድ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ስሞችን ጎን ለጎን ያወጣና፣ አንድ ሰው ናቸው? ብሎ ይጠይቃል። አሰልጣኟ ጀመረች፤ ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሰባት ሴቶች ወጡባትና ፈዛ ቀረች። እታለምን ጠራቻት።

እታለም ዓይኗን ጨፈነች። “ይቺ ስትስቅ አፏን የምትሸፍነው ናት። ያቺ በግራ እጇ ነው የምትፈርመው። አይደሉም በይ።”

“እነዚህስ ሁለቱ?”

“እሱ አንድ ነው፣ ባርኔጣ ሲያደርግና ሳያደርግ ነው።”

አሰልጣኟ እየሳቀች ነካችው። ሁለቱ ስሞች መስታወት ላይ እንደሚወርዱ የዝናብ ጠብታዎች ተጠጋግተው ተዋሃዱ። በማግስቱ እታለም ራሷ መንካት ጀመረች። ቀኖቹ እንዲህ አለፉ፤ ሰዎች በዓይኗ ቆብ ሥር አንድ በአንድ እየመጡ፣ እየተመለሱ።

ሁለቱ ወር በሞላበት ቀን ሜትሮኗ ገብተው ከኋላዋ ቆሙ። እኔ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ በመካከላችን ባለችው መስኮት ማየት ጀመርኩ።

“እነዚህን አንድ ያልሻቸው በምን አውቀሽ ነው?”

“ይቺ ስታመሰግን ሁለቴ ነው የምታመሰግነው። ሁለቱም ቀን ሁለቴ አመስግናኛለች።”

ሜትሮኗ ስክሪኑን አዩ፤ ቀጥለው ደግሞ የእታለምን እጅ።

“ልብስ ማጠቢያ ሌላ ሰው ልኬያለሁ” አሉ። “ወንበርሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፣ ዓይንሽን ይጎዳሻል።”

ከወጡ በኋላ እታለም ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። መስኮቷ ላይ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ማን ይቅደም?” አለቻቸው።