የሸይባው ብረትና የመንሱር ፕላስቲክ

በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ጥር ሰው እንደ ሰው የሚተነፍስበት ወር ነው። ያ አናት የሚበሳ ሙቀት ጋብ ይላል፤ እርሻችን ካለበት ከአል-ዒዳቢ በላይ ያሉት ኮረብቶች ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳሉ፤ እርከኑ ላይ ያለው ማሽላም ራሱን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቃል። አዎ፣ ማሽላ! የወሎ ልጅ ሆኖ በዐረብ አገር ማሽላ አይቶ ልቡ የማይዘል የለም። እኔማ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አገዳ ሰብሬ እየመጠጥሁ ብቻዬን ስስቅ ይማም ያበድሁ መስሎት ነበር።

ይማም ጓደኛዬ ነው፣ የሐይቅ ልጅ። በየመን በኩል አብረን ተሻግረን፣ ዳማድ በሚባል ቦታ አብረን ቲማቲም ለቅመን፣ በኋላ ሸይባ ጃቢር እርሻ ላይ ገባን። «ሸይባ» እዚያ ሽማግሌ ማለት ነው። ቀጭን፣ ጺማቸውን በሒና የሚያቀሉ፣ ሲቆጡም ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ነበሩ። ልጃቸው መንሱር ከተማ ይሠራል፤ ዓርብ ዓርብ ሊጠይቃቸው ይመጣል። አሁን ለምነግራችሁ የዝንጀሮ አደን የወጣነው እኛው አራታችን ነን።

ያን ዓመት ነገሩ እንዴት እንደነበር ሰምታችኋል። የኅዳሩ አፈሳ ገና አልበረደም፤ እኔና ይማም ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሚባል ነገር የለንም። ሸይባው ጠሩንና «ማሽላው በደህና ከገባ ከእኔ ጋር ትቆያላችሁ፤ ጠያቂ ቢመጣ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ዝንጀሮ ከበላው ግን የማሠራችሁ ሥራ የለኝም። ኸላስ፣ በቃ!» አሉን። ከዚያ እርሻ መውጣት ማለት አስፋልት፣ አስፋልት ማለት እስር ቤት፣ እስር ቤት ማለት ባዶ እጅ አውሮፕላን ነው። ያንን ማሽላ እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው።

ጠላታችን አንድ ገመሬ ዝንጀሮ ነው። ጋማው አመድ የመሰለ፣ ከግራ እጁ አንድ ጣት የጎደለው፣ መንጋውን ከኋላው አስከትሎ የሚመጣ። ይማም «ጀዋዛት» ብሎ በፓስፖርት ፖሊሱ ስም ጠራው፤ ሲመጣ ሁሉም ማጭዱን ጥሎ ይሮጣልና። አንድ ጠዋት ከላይኛው እርከን ሆኖ «ጀዋዛት መጣ!» ብሎ ሲጮህ እኔ እውነተኛው መስሎኝ ጫማዬን ትቼ እሾህ ውስጥ ገባሁ። እኔ እሾህ ስነቅል ሰነበትሁ፣ እሱ ሲስቅ ሰነበተ።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ ልምጣ። ሸይባው ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሽጉጥ ነበራቸው። ከአፈሙዙ እስከ ካዝናው ቂጥ ድረስ ብረት ነው፤ እጀታው ላይ ብቻ እንጨት አለው፣ እሱም በላባቸው ጠቁሯል። አንድ ልማድ ነበራቸው። ዝንጀሮ ሲመጣ ላይኛው እርከን ወዳለው የውሃ ቧንቧ ይሄዱና በሽጉጡ ቂጥ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ፣ ቃ! ቃ! ያደርጉታል። «አውሬም ቢሆን ይነገረዋል፤ ሳይነግሩ መተኮስ ዓይብ፣ ነውር ነው» ይላሉ። መንጋው ያንን ድምፅ ሲሰማ ገደሉን ይይዛል። እኛ በድንጋይም በመዶሻም ሞክረነው ነበር፤ ዝንጀሮ ምኑ ሞኝ ነው! ዞር ብሎም አላየን። ሽጉጡ ሲተኮስ ግን ሰምቼ አላውቅም። እስኪተኮስ የሚቆም ዝንጀሮ ስለሌለ ነው ብዬ አስብ ነበር። ያን ጊዜ የሸይባው ጉልበት ታመመና ላይኛው እርከን መውጣት ተዉ፤ ገመሬውም የደፈረን ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ዓርብ መንሱር አዲስ ሽጉጥ ይዞ መጣ። ሲያዩት የአባቱን ሽጉጥ ይመስላል፤ መንታ ናቸው ትላላችሁ። ስታነሱት ግን ይቀላል። እጀታው ፕላስቲክ፣ ቃታው ፕላስቲክ፣ የካዝናው ቂጥ ፕላስቲክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ በዚህ ነገር ሆድና ጀርባ ሆኑ።

«ጂዛን የባሕር ዳርቻ አገር ነው አባቴ፤ ጨው ያለው አየር ብረት ይበላል። ፕላስቲክ አይዝግ፣ ፀሐይ ላይ ቢውል እጅ አያቃጥል» ይላል መንሱር።

«ብረት ሲታመም ይነግርሃል፤ ይዝጋል፣ ይንቋቋል። ያንተው ሳይታመም ነው የሚሞተው» ይላሉ ሸይባው።

ይማም ከመንሱር ወገነ፣ እኔ ከሸይባው። መንሱር ወንጭፌን አየና «አንተ ደግሞ ለብረት ትከራከራለህ፣ ወንጭፍህ የማዳበሪያ ፕላስቲክ ክር አይደለም እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። በመጨረሻ ገመሬውን የማን ሽጉጥ ያባርረዋል ብለው በፍየል ተወራረዱ፤ የተረታው ፍየል አርዶ ሁላችንን ሊያበላ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጉሙ ሳይገፈፍ ወጣን። ሌሊቱን ካፊያ ስለነበረ መሬቱ ዱካ እንደ ማኅተም ይዟል። የግራ እጁን አየሁት፤ አራት ጣት። የተገመጠው አገዳ ጫፉ ገና እርጥብ ነው። «አሁን ነው ያለፈው» አልሁ በሹክሹክታ። ሸይባው «እኔ ቀስ እያልሁ እከተላለሁ» አሉና ለመንሱር «ሁለት ጊዜ ሳታንኳኳ እንዳትተኩስ» ብለው አስጠነቀቁት።

ይማም ጣሳ እየመታ ከታች መጣ፣ እኔ በጎን በወንጭፍ። መንጋው እየተንጫጫ ወደ ገደሉ ፈረጠጠ። ጀዋዛት ግን አልሸሸም። አንዲት ልጅ ያዘለች እንስት ከፊቱ አድርጎ ወደ ጎርፍ ቦዩ ገባ። ያ ቦይ ግራና ቀኙ ቋጥኝ ነው፤ ጫፉን የድንጋይ ግንብ ይዘጋዋል፤ ቧንቧው ያለው ግንቡ ላይ ነው፣ መንሱርም እዚያው ቆሟል። እንስቷ በግንቡ ተንጠላጥላ አመለጠች። ገመሬው ሊከተላት ሲል መንሱርን አየና ተመለሰ። መውጫው አንድ ብቻ ቀረ፣ የቦዩ አፍ።

ይማም እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ የወደቀው እዚያው አፉ ላይ ነው።

በጀርባው ወደቀ። ጣሳው ከእጁ ተፈናጥሮ ገመሬው እግር ሥር ቆመ። ልጆች፣ የገመሬ ክራንቻ በቅርብ ያየ የጅብ አይፈራም። ጋማው ተነሣ፣ ከንፈሩ ተገለበጠ፣ ወደ ይማም መራመድ ጀመረ። ወንጭፌ እጄ ላይ ነው፤ ብስት ይማምን ነው የምፈነክተው። «ይማም፣ አብሽር፣ አይዞህ! እንዳትነቃነቅ!» ብዬ ጮህሁ።

መንሱር የአባቱን ቃል አልረሳም። አዲሱን ሽጉጥ አዙሮ ቧንቧውን በኃይል መታው። ጧ! እንደ ሳጥን ድምፅ። ገመሬው ጆሮውንም አላነሣም። መንሱር ደገመው። በሁለተኛው የካዝናው ቂጥ ለሁለት ተሰነጠቀና ሞላው ተፈናጠረ፤ ጥይቶቹም አንድ በአንድ ሣሩ ውስጥ ተንጠባጠቡ። ገና አላጎረሰም ነበር፤ ባዶ ሽጉጥ ይዞ ቀረ። «ያ ረቢ!» ብሎ ተንበርክኮ ጥይት ይለቅም ጀመር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያ ነው።

ገመሬው ይማም እግር ዘንድ ደረሰ። ይማም ዓይኑን ጨፍኖ ሸሃዳውን፣ የእምነት ቃሉን፣ ሲል ይሰማኛል።

ቃ! ቃ!

ሸይባው ናቸው። በዚያ ጉልበት እንዴት እንደወጡ አላህ ይወቀው፣ ግንቡ ላይ ቆመዋል። የብረቱ ድምፅ በቧንቧው ሄዶ ኮረብታው ውስጥ ጮኸ። ገመሬው ባለበት ደረቀ። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። ከዚያ ዘለለ! የይማምን ትከሻ ረግጦ፣ አናቱን አልፎ፣ ማሽላውን ሰንጥቆ ጠፋ። የዚያን ቀን ገደሉን አልፎ የሄደ መንጋ አጨዳው እስኪያልቅ አልተመለሰም።

ይማም ተነሥቶ መጀመሪያ ያደረገው ሸሚዙን ማየት ነው። ትከሻው ላይ አራት ጣት ያለው ጭቃ። «ጀዋዛት ማኅተም መታልኝ! ከዛሬ ወዲያ ሕጋዊ ነኝ!» አለና ሳቀ፤ እያለቀሰ ነበር የሚስቀው። እኔም አቅፌው አለቀስሁ።

በኋላ «ዐሚ፣ አጎቴ፣ ለምን አልተኮሱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሸይባው ካዝናውን ስበው አሳዩን። ጥይት የለበትም። ሞላው ዝጎ ከግድግዳው ተጣብቋል። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ አልተተኮሰበትም። ዝንጀሮዎቹ ግን ይሄን አያውቁም» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

መንሱር ዘለለ። «ዝገት! አላልሁም? አባቴ ተረታ!»

«ድምፁ አልዛገም» አሉ ሸይባው።

ክርክሩ ጦፎ ሳለ እኔ ጥይት ላፋልግ መንሱር ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ገመሬው የነበረበትና ይማም የወደቀበት በአንድ መስመር ነው። ያ ፕላስቲክ ባይሰበር ኖሮ፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ጥይቱ ማንን ያገኝ ነበር? ጠራኋቸውና አሳየኋቸው። መንሱር ሽጉጡን መሬት ላይ አስቀምጦ ይማምን ግንባሩን ሳመው።

ሸይባው ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፈረዱ፦ «ከጥርስ ያዳነው ብረቱ ነው፣ ከጥይት ያዳነው የፕላስቲኩ ስብራት ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ረትተናል፣ ሁለታችንም ተረተናል።» ሁለት ፍየል ታረደ! እንደዚያን ዕለት ጠግቤ አላውቅም። ማሽላው ገባ፤ ሸይባውም ቃላቸውን ጠበቁ።

ይቺ ቁልፌ ላይ የተንጠለጠለችው ስባሪ፣ የምትስቁባት፣ የዚያ ካዝና ቂጥ ግማሽ ናት። ሌላው ግማሽ ይማም ዘንድ ነው፤ ሐይቅ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ከሸይባው የወሰድሁት ደግሞ ልማዳቸውን ነው። ዛሬም አገሬ ገብቼ ማሽላ ስጠብቅ ማጭዴን ከድንጋይ ሁለት ጊዜ ሳላጋጭ አልወነጭፍም። ቤት ውስጥ ከሚስቴ ጋር ነገር ሲከርር፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። እሷም ትስቃለች፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።