የገመዱ ሰበብ

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «መጠባበቂያ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ የኖረ፣ ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ፣ ቦርሳው ሁለት ጃንጥላ የማያጣው ሰው ነው። ያላገባውም ለሚስት መጠባበቂያ ስለማይፈቀድ ነው ብለው ይቀልዱበታል። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

ቤቱ ውስጥ መረጃ የሚያስቀምጡ ሁለት ዲስኮች ጎን ለጎን የገቡበት ትንሽ ሳጥን ነበረው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፤ በሞተው ቦታ አዲስ ሲገባ ደግሞ የተረፈው ያለውን ሁሉ ይገለብጥለታል። ታላቅ እህቱ የልጇን ቪዲዮዎች የሰጠችው ይህንን ተማምና ነው።

ልጁ አንድዬ ነበር። ለትምህርት ርቆ በሄደ ጊዜ በየሳምንቱ ራሱን በስልክ እየቀረጸ ይልክላት ነበር፤ አብሮት የሚያድረው ልጅ እንዴት እንደሚያንኮራፋ ያስመስላል፣ አስተማሪዎቹን ሆኖ ይናገራል፣ ልብሱን ራሱ ማጠቡን እንደ ትልቅ ጀብዱ ያወራል። ከዚያ ታመመ፤ ብዙም ሳይሰነብት ሞተ። እናቱ ልቧ አልችል ብሏት ቪዲዮዎቹን አልከፈተቻቸውም። ስልኳም አርጅቶ ልጁን ይዞባት እንዳይጠፋ ፈራችና ወደ ወንድሟ ሄደች።

«እትዬ፣ እኔ ጋ ከገባ የትም አይሄድም» አላት አፉን ሞልቶ። የልጁ ስልክ ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ የሷም ወዲያው ተበላሽቶ ተጣለ። እሱም አንዱን እንኳ ከፍቶ አላየም፤ ሆዱ አልቻለም። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? እዚያው አለ፣ ያውም በሁለት ቦታ።

ከጊዜ በኋላ ሳጥኑ አስጠነቀቀ፤ «ዲስክ አንድ እየደከመ ነው» የሚል። መጠባበቂያ ለዚህ ነገር እጁ የለመደ ነው። የመጀመሪያውን ዲስክ አወጣ፣ በቦታው አዲስ አስገባ። ያወጣውንም እዚያው ደመሰሰው፤ የሰው ገመና የያዘ ዲስክ ሳይደመሰስ አይጣልም፣ ይህ የሙያው ሕግ ነው። አዲሱ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን የሚሞት ዲስክ ምን ያደርግልኛል አለ።

ያ ሳጥን የሚቆጥረው ከዜሮ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዲስክ «ዜሮ» ይለዋል። የመሥሪያ ቤቱ ማሽኖች እንደ ሰው ከአንድ ይጀምራሉ፤ የሱ ሳጥን «አንድ» ያለው ግን ሁለተኛውን ነው። ጤነኛውን አውጥቶ በገዛ እጁ ደመሰሰ። የታመመው ደግሞ ለአዲሱ መገልበጥ እንደጀመረ አንድ ሁለቴ ቃጭ ቃጭ አለና ጸጥ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። መጠባበቂያ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የጠፋ መረጃ ያወጣሉ የተባሉ ባለሙያዎች ጋ ዞረ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱት።

የፈሩት ይደርሳል፤ በዚያው ሰሞን እህቱ ደወለች። ዓይኗ ደክሟልና ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝታለች፤ አሁን ልቤ ችሏል፣ ልጄን አምጣልኝ አለችው።

እሑድ ሊነግራት ቆርጦ ሄደ። እሷ ግን ደህና ልብሷን ለብሳ፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ጠበቀችው። ሲያያት መንገሩን ትቶ አሮጌ ላፕቶፑን አወጣ። የላፕቶፑ ሶኬት ባለ ብዙ ቀዳዳው፣ በብሎን የሚጠብቀው የድሮው ዓይነት ነው፤ የቴሌቪዥኑ ግን ጠፍጣፋው ነው፤ አይገጣጠሙም።

«ገመዱ ነው፣ እትዬ» አላት። ይህ እውነት ነበር፤ ውሸቱ የጀመረው ግን ከዚሁ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የሶኬት መቀየሪያ ይዞ መጣና ይሄኛው ምስል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም አላት። በሌላው ገመዱ ስለረዘመ ምስሉ ይጠፋል አለ፣ በሌላው ደግሞ ቴሌቪዥኑ አልተቀበለውም አለ። እሷም እያበላችው፣ ምኑም ሳይገባት ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጠዋለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን ለተሸካሚው እየከበደ ሄደ። በየመንገዱ ገመድ ሻጭ ባየ ቁጥር ወደ ማዶ ይሻገራል።

አንድ እሑድ ገና ቦርሳውን ሳይከፍት እጁን ያዘችው።

«ወንድም ዓለም፣ ትልቁ ይቅርብኝ። እዚችው ትንሿ ኮምፒውተርህ ላይ ክፈትልኝ። ማየቱም ይቅር፣ ድምፁን ብቻ አሰማኝ።»

ለዚህ የሚሆን ገመድ አልነበረውም። ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሁሉንም ነገራት፤ ሳጥኑ ከዜሮ መቁጠሩን፣ ጤነኛውን ማጥፋቱን፣ የየእሑዱን ውሸት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትመታውም ይሻለው ነበር።

እሷ አልተቆጣችም። «ፎቶው አለ» አለች። «ፊቱ አልጠፋብኝም። ድምፁ ነው እየሄደብኝ ያለው። ጠዋት ስነሳ እፈልገዋለሁ፣ አጣዋለሁ። ለዚህ ነው ያስቸገርኩህ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ጋ ሲያድር ሲጫወት ነበር ያደገው። አንተስ አትረሳውም። እስቲ እንደሱ አድርገህ ጥራኝ።»

መጠባበቂያ ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ የተናገራቸው ቀልዶች መጡለት፣ ሳቁ ሲጀምር ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ መጣለት። ድምፁን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። በሳጥኑ ተማምኖ እሱም በልቡ ሳይይዘው ቀርቶ ኖሯል።

«እማ» አላት። የወጣው የገዛ ራሱ የጎረነነ ድምፅ ነበር።

ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች።

«እንደሱ አልነበረም» አለች በቀስታ። «ግን እንዴት እንደነበረ እኔም አላውቅም።»